ታችኛውን ሴንሰር እዩ፦ ወይን፣ ውኃና የእርጥበት መለኪያ በሸዋ ሮቢት

ስለ አፈር እርጥበት መለኪያ ሴንሰር የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል። አብዛኞቹ እዚሁ ሸዋ ሮቢት ዙሪያ፣ ቀወት ወረዳ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርቱ ናቸው። ማሳቸው ዳር ወይን መሞከር የጀመሩም አሉ። ሁሉንም በስልክ ማስረዳት አልቻልኩም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። የማንም ድርጅት ወኪል አይደለሁም፣ ዕቃም አልሸጥም። የምጽፈው ማሳዬ ላይ ያየሁትንና የሠራልኝን ነው።

ማሳዬ አንድ ጥማድ ነው፣ ሩብ ሄክታር። ጣርማ በርን ወርዳችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ የምታገኙት ቆላ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ጋቢ ደርቦ ሲሄድ እኛ ጥላ ፍለጋ ላይ ነን። ክረምቱ ጥሩ ይዘንባል። በልግ ግን አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። ወይኑን ጥቅምት ላይ እገርዛለሁ፤ ፍሬው የካቲት አካባቢ ይደርሳል። እንግዲህ ከግርዘት እስከ ለቀማ ያለው ጊዜ በሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ወቅት ነው። ዝናብ የለም፣ ያለው መስኖ ብቻ ነው። ይኼ ከባድ ይመስላል እንጂ ለወይን ትልቅ ዕድል ነው። ፍሬው ሊበስል ሲል ዝናብ አያገኘውም፣ ሻጋታውም ይቀንሳል። ውኃውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ ማለት ነው፤ መወሰን ከቻላችሁ።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ውኃ በተራ ነው የሚደርሰን። ተራው ሲደርስ ሌሊትም ቢሆን አካፋ ይዞ መውጣት ነው። ተራህ ካለፈህ ደግሞ እስከ ሚቀጥለው ትጠብቃለህ። በዚህ የተነሳ ሁሉም ሰው «አሁን ካልጠጣ መቼ ሊጠጣ ነው» እያለ ማሳውን እስኪጠግብ ያጠጣል። ሽንኩርት ሥሩ አጭር ስለሆነ ቶሎ ይጠማዋል፤ ለሱ ይኼ ልማድ ያን ያህል አይከፋም። ወይን ግን ሌላ ነው። ሥሩ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። ላይኛው አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቆ እያለ ታች ገና የሚጠጣው ውኃ አለው። ያንን በዓይን ማየት አይቻልም። ሴንሰር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይኼን ያዙልኝ፦ አንድ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ሴንሰር፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፤ ውሳኔያችሁንም ታችኛውን አይታችሁ ወስኑ።

የእርጥበት መለኪያ ዓይነቱ ብዙ ነው። እኔ በቅርብ የማውቀው ሦስት ዓይነት ነው።

ቀላሉና አሮጌው ቴንሲዮሜትር ነው። ውኃ የተሞላ ቱቦ ሲሆን ጫፉ ላይ ውኃ የሚያሳልፍ ሸክላ አለው፤ አናቱ ላይ ደግሞ ጌጅ። አፈሩ ሲደርቅ በሸክላው በኩል ውኃ ይስባል፣ ጌጁም ይጨምራል። ባትሪ አይፈልግም፣ ኔትወርክ አይፈልግም። የሚለካው ውኃውን ከአፈሩ ለመሳብ የሚያስፈልገውን ኃይል ነው፣ በሴንቲባር። ዜሮ ማለት አፈሩ በውኃ ተሞልቷል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ደረቅ ነው። ብዙ ሰው ይኼን ገልብጦ ስለሚረዳው ልብ በሉ። ድክመቱ 80 ሴንቲባር አካባቢ ሲደርስ አየር ያስገባና ሥራ ያቆማል። ያኔ ውኃ አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ መልሳችሁ መሙላት ነው። ማፍላቱ አየሩን ለማስወጣት ነው።

ሁለተኛው ውስጡ ጅብሰም ያለበት፣ በኤሌክትሪክ የሚለካ ነው። ዋተርማርክ የሚባለው ከዚህ ወገን ነው። እሱም በሴንቲባር ያነባል፤ ከቴንሲዮሜትር የበለጠ ድርቀትም ይችላል፣ እስከ 200 ይሄዳል። ካሜሊዮን የሚባለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ሲኤስአይአርኦ በሚባለው የአውስትራሊያ የሳይንስ ምርምር ድርጅት ተመራማሪዎች የተሠራ ሲሆን በአገራችንም አነስተኛ መስኖ ላይ ተሞክሯል። እሱ ቁጥር አያሳይም፤ በየጥልቀቱ መብራት ያበራል። ሰማያዊ ከሆነ እርጥብ፣ አረንጓዴ ከሆነ መካከለኛ፣ ቀይ ከሆነ ደረቅ። ማንበብ ለማይችል ገበሬም ይሆናል። ይኼን በጣም ነው የወደድኩለት።

ሦስተኛው ካፓሲቲቭ የሚሉት ነው። የውኃውን መጠን በመቶኛ ይነግራል፤ በየሩብ ሰዓቱ እያነበበ ወደ ስልክ ይልካል። እኔ አሁን በዋናነት የምጠቀመው እሱን ነው፣ ቴንሲዮሜትሩንም አልጣልኩትም። ካፓሲቲቩ ጨውና ማዳበሪያ ያሳስቱታል፤ ማዳበሪያ በጠብታ መስኖው (በየተክሉ ሥር ውኃ በሚያንጠባጥበው ቱቦ) ካሳለፋችሁ በኋላ ቁጥሩ ድንገት ከፍ ቢል ውኃ ጨመረ ብላችሁ አትደሰቱ። በዚያ ሰሞን ቴንሲዮሜትሩን አምናለሁ።

አሁን ወደ አተካከሉ። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሴንሰር በአተካከል ምክንያት ዋጋ ያጣል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የኔ ማሳ ላይኛው ጫፍ ጠጠር የበዛበት አሸዋማ ነው። ታችኛው ጥቁር መረሬ (ሸክላማ አፈር) ነው። በአንድ ጥማድ ውስጥ ሁለት ዓይነት መሬት! ስለዚህ ሁለት ቦታ ተከልኩ። የሴንሰሩን ቁጥር የሚወስነው የማሳው ስፋት አይደለም፣ የአፈሩ ዓይነት ነው። ቦታ ስትመርጡ የዳር ረድፍ አትውሰዱ፤ ነፋስና አቧራ የሚመታው እሱ ነው። ውኃ የሚተኛበት ጎድጓዳም አይሁን። በጣም ያማረውን ተክል አትምረጡ፣ የከሳውንም ተዉት። መካከለኛውን፣ ብዙዎቹን የሚመስለውን ያዙ። ከጠብታው ቀዳዳ ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ራቅ አድርጉት። ልክ ከቀዳዳው ሥር ቢሆን ሁልጊዜ እርጥብ ነው የሚላችሁ።

ጉድጓዱን በአካፋ አትቆፍሩ። በአፈር መሰርሰሪያ፣ ከሴንሰሩ ትንሽ በሚሰፋ ቀዳዳ ብቻ ይሁን። የሚወጣውን አፈር በየጥልቀቱ ለየብቻ ጆንያ ላይ ዘርጉት። ላዩን ከታቹ አታደባልቁ። ጅብሰም ያለበት ሴንሰር ከሆነ ቀድሞ ውኃ ውስጥ ተነክሮ፣ ከነእርጥበቱ ነው የሚገባው። ከዚያ ከዚያው ጥልቀት የወጣውን አፈር ጠጠሩን ለቅማችሁ፣ በውኃ ቀጠን አድርጋችሁ በጥብጡና ጉድጓዱ ውስጥ አፍስሱ። ሴንሰሩን እዚያ ጭቃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አስገቡት። ዓላማው በሴንሰሩና በአፈሩ መካከል አየር እንዳይቀር ነው። አየር ካለ የምታነቡት አየሩን ነው። ቀሪውን አፈር የታቹን ቀድማችሁ፣ የላዩን መጨረሻ እየመለሳችሁ፣ በእንጨት ጠቅጠቅ እያደረጋችሁ ሙሉ። መጨረሻ ላይ አናቱን ጉብ አድርጉት፤ ካልሆነ ውኃው ቱቦውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይወርድና ታችኛው ሴንሰር «እርጥብ ነው» ብሎ ያታልላችኋል። እኔ አንዱን 30፣ ሌላውን 60፣ ሦስተኛውን 90 ሳንቲሜትር ላይ ነው የተከልኩት። ሦስት ለማይችል 30 እና 60 ይበቃዋል።

መረሬ ላይ ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ። መሬቱ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ስንጥቁ ሴንሰሩ ጋ ከደረሰ አየር ይገባል፣ ንባቡም ይዘላል። ሥሩን በገለባ ወይም በማሽላ አገዳ ማልበስ ይረዳል። እኔ አገዳ ነው የማለብሰው፤ እዚህ ማሽላ ሞልቷል።

ተክላችሁ ስታበቁ ወዲያው ቁጥሩን አትመኑ። ጥቂት ሳምንት አፈሩ ይረጋጋ። የሌላ ሰው ማሳ ላይ ስንት ሲሆን አጠጣ ብላችሁም አትጠይቁ፤ የየራሳችሁን ቁጥር ፈልጉ። አገኛኘቱ ቀላል ነው። ክረምት ላይ ደህና ዝናብ ከጣለ በኋላ አሸዋማውን ሁለት ቀን፣ መረሬውን ሦስት ቀን ጠብቁ። ትርፉ ውኃ በራሱ ይወርዳል። የሚቀረው ንባብ የመሬታችሁ «ሙሉ» ነው። ጻፉት። ከዚያ በላይ የምታጠጡት ውኃ ከሥሩ አልፎ ይሄዳል፣ ማዳበሪያችሁንም ይዞት ይሄዳል።

«ጠማው» የሚባለውን ቁጥር ለማግኘት ደግሞ የካፓሲቲቩ ንባብ ስልኩ ላይ የሚሠራውን መስመር ተመልከቱ። ይኼ መስመር ለኔ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ነገር ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ቀን ቀን ይወርዳል፣ ማታ ይቆማል፤ በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ እንደገና ይወርዳል። ደረጃ ይሠራል። ቀን ተክሉ በቅጠሉ ስለሚተነፍስ ከአፈሩ ይስባል፤ ሌሊት ያርፋል። እያንዳንዱ ደረጃ ወይኑ በዚያ ጥልቀት የጠጣው የአንድ ቀን ውኃ ነው። ደረጃው ረጅም ከሆነ ተክሉ እንደልቡ እየጠጣ ነው። ሙቀቱ ሳይቀንስ ደረጃው በየቀኑ እያጠረ ከመጣ ግን ውኃውን ለማግኘት እየታገለ ነው። ያ ነው የማጠጫ ቁጥራችሁ። ቅጠሉ እስኪጠወልግ የምትጠብቁበት ምክንያት የለም። ሌላም ነገር ይነግራችኋል። ካጠጣችሁ በኋላ 90 ሳንቲሜትር ላይ ያለው ሴንሰር መስመሩ ሌሊትም ሳይቆም ቁልቁል ከሄደ፣ ያ የጠጣው ተክሉ አይደለም፤ ውኃው ወደ ታች እየጠፋ ነው።

በቴንሲዮሜትር ስመዝነው፣ የኔ አሸዋማ ጫፍ 35 ወይም 40 ሴንቲባር ሲደርስ ይጠማዋል። መረሬው 60 እና ከዚያ ትንሽ በላይ ድረስ ይችላል። ይኼ የኔ መሬት ነው፤ የናንተ ይለያል።

ከሴንሰሩ ጎን ለጎን የወይኑን ጫፍ እዩ። ሐረጉ ሽቦውን የሚጨብጥባቸው ቀጫጭን ክሮች አሉ። ከቡቃያው ጫፍ አልፈው ወደ ፊት ተዘርግተው ከሆነ ውኃ አልቸገረውም። ክሮቹ ላላ ብለው ከወደቁና ጫፉ ካጠረ እድገቱን እያቆመ ነው። ጠዋት ማሳውን እየዞርኩ ይኼን አያለሁ፣ ከዚያ ስልኩን እከፍታለሁ። ሁለቱ ሲስማሙ ልቤ ይረጋጋል።

ስንት ሰዓት ላጠጣ ለምትሉ ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ሚሊሜትር ውኃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። በበጋ ቀን ለማጣቀሻ የሚያዘውን ትነት፣ ማለትም ከአፈርና ከቅጠል የሚተነውን ውኃ፣ 5 ሚሊሜትር አድርጌ ነው የማሰላው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ላይ ይኼን ትነት ወደ ተክሉ ፍላጎት ለመቀየር ለገበታ ወይን በሙሉ ቅጠሉ ጊዜ የሚሰጠው ማባዣ 0.85 ነው፤ ገና ሲያቆጠቁጥ 0.30። ተክሎቼ በ2.5 በ1.5 ሜትር ነው የተተከሉት፤ እያንዳንዱ 3.75 ካሬ ሜትር ይይዛል። ስለዚህ 5 ሲባዛ በ0.85 ሲባዛ በ3.75፣ በቀን ወደ 16 ሊትር ለአንድ ተክል። ሲያቆጠቁጥ ግን 6 ሊትር እንኳ አይሞላም። እያንዳንዱ ተክል ሥር በሰዓት ሁለት ሁለት ሊትር የሚሰጡ ሁለት ቀዳዳዎች አሉኝ፣ በሰዓት 4 ሊትር ማለት ነው። እንግዲህ በሙሉ ቅጠሉ ጊዜ የአንድ ቀን ፍላጎቱ አራት ሰዓት ነው። ሒሳቡ መነሻ ይሰጣል፤ ልክ መሆን አለመሆኑን የሚነግረኝ ታችኛው ሴንሰር ነው። 60 ሳንቲሜትር ላይ ያለው ሳይነካ ከቀረ አሳንሻለሁ፣ 90 ላይ ያለው ከዘለለ አብዝቻለሁ።

አንድ ጥማድ ላይ ወደ 660 ተክል ስለሚገባ በዚያ ወቅት በቀን ከ10 ሜትር ኪዩብ በላይ ይጠይቃል። አንድ ባለ አሥር ሺህ ሊትር ሮቶ በአንድ ቀን ያልቃል። ለዚህ ነው ጂኦሜምብሬን (ውኃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ) የለበሰ ኩሬ የሠራሁት። ተራዬ ሲደርስ ውኃውን ወደ ኩሬው እቀበላለሁ፣ ወደ ወይኑ ደግሞ ሴንሰሩ ሲል እለቃለሁ። ማስቀመጫ ከሌላችሁ ሴንሰር ብቻውን ብዙ አይረዳችሁም፤ «አሁን አጠጣ» ቢላችሁም ውኃው የለም። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ መጀመሪያ ኩሬውን ሥሩ እላለሁ።

ፍሬው በየደረጃው የሚፈልገው ይለያያል። ከአበባ እስከ ፍሬ መያዝ ባሉት ሳምንታት አላስጠማውም፤ ያኔ ከተጠማ ዘለላው ፍሬ ያራግፋል። ፍሬው ሲያድግ እንደዚያው እቀጥላለሁ፣ የምሸጠው ለገበታ ስለሆነ ትልልቅ ፍሬ ነው የሚፈለገው። ለወይን ጠጅ የሚያመርቱ ግን እዚህ ላይ ትንሽ ያስጠሙታል፣ ፍሬው አነስ ብሎ ጣዕሙ እንዲጠነክር። ቀለም መለወጥ ሲጀምር እኔም መቀነስ እጀምራለሁ። 30ው እንዲደርቅ እተወዋለሁ፣ 60ው ግን ከማጠጫ ቁጥሩ እንዲያልፍ አልፈቅድም። ለቀማው ሲቃረብ ደርቆ የከረመን ተክል በአንድ ጊዜ ማጥገብ አደጋ ነው፤ ፍሬው ውኃውን ስቦ ቆዳው ይፈነዳል፣ ከዚያ ንብና ሻጋታ ይከተላል። ስኳሩም ይቀጥናል። የተረፈኝን አድርቄ ዘቢብ ስለማደርገው ይኼ ለኔ ትልቅ ጉዳይ ነው። ለቤተ ክርስቲያን መባ ዘቢብ የሚገዙ ሰዎች ጣፋጭና ሥጋው ወፈር ያለ ፍሬ ነው የሚመርጡት። ውኃ የበዛበት ወይን ሲደርቅ ቆዳ ብቻ ይሆናል።

መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አባት በጣም ተቆጡኝ። ተራዬ ደርሶ ውኃውን ሁሉ ወደ ኩሬው ስመልስ አይተው ነው። «ልጄ፣ መሬቱ አፉን ከፍቶ እያየህ ውኃ ታስቀምጣለህ?» አሉኝ። እውነትም ላዩ ተሰነጣጥቋል። «ጋሼ፣ እስኪ አብረን እንየው» ብዬ መሰርሰሪያውን አመጣሁ። 60 ሳንቲሜትር ስንደርስ የወጣውን አፈር እጃቸው ላይ አደረግኩላቸው። ጨበጡት፣ በመዳፋቸው አድቦለቦሉት፤ ተጣብቆ ቀረ። ዝም ብለው ቆዩና «ይኼ እኮ ጭቃ ነው» አሉ። ዛሬ በመንገድ ሲያልፉ «ታችኛው ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁኛል። የራሳቸውን ማንጎም አሁን በመሰርሰሪያ እያዩ ነው የሚያጠጡት።

ሴንሰር የማያየው ነገርም አለ። ከወንዝ የሚመጣው ውኃ ደለል ስለሚይዝ የጠብታው ቀዳዳ ይደፈናል። ሴንሰሩ ያለበት ተክል እየጠጣ፣ ሦስት ረድፍ አልፎ ያለው ደርቆ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ውሰዱና የተለያዩ ረድፎች ላይ ከቀዳዳው ሥር አስቀምጡ። በሰዓት 2 ሊትር የሚሰጥ ቀዳዳ በሩብ ሰዓት መሙላት አለበት። ካልሞላ ፊልተሩን እጠቡ፣ የመስመሩን ጫፍ ከፍታችሁ ደለሉን አስወጡ።

ገመዱን አይጥና ጃርት ይበሉታል። የመብራት ገመድ በሚያልፍበት የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብታችሁ ቅበሩት። ኔትወርክ በሚጠፋበት ቦታ ያላችሁ ንባቡን እዚያው የሚያስቀምጥና ሰው ሲቀርበው በብሉቱዝ የሚሰጥ ዓይነት ምረጡ። ኔትወርክ ሲመጣ ብቻ የሚሠራ ዕቃ በጣም የምትፈልጉት ቀን ላይ ያሳጣችኋል። ቫልቭ በራሱ እንዲከፍትና እንዲዘጋ ስለማድረግም ይጠይቁኛል። ለኔ ዓይነቱ ማሳ አልመክርም። ውኃው በተራ፣ መብራቱ በዕድል በሆነበት ቦታ ሰውየው ራሱ ቢከፍት ይሻላል።

ጥቅሙን በአጭሩ፦ ድሮ በበጋው በየሦስት ቀኑ ሞተር አስነሳ ነበር፤ አሁን መረሬው በኩል አምስት ስድስት ቀን የምቆይበት ጊዜ አለ። ቤንዚኑ ቀንሷል፣ ሻጋታውም ቀንሷል። ከተራዬ የተረፈ ውኃ ሲኖር ከታች ላሉት እለቃለሁ።

አሁን አቅም ለሌላችሁ፦ በመሰርሰሪያ ጀምሩ። የሠፈር ብረታ ብረት ቤት ይሠራላችኋል። በሳምንት አንዴ 30 እና 60 ላይ አፈር አውጥታችሁ ጨብጡ፣ ደብተር ላይ ጻፉ። ቀጥሎ ሁለት ቴንሲዮሜትር። ስልክ ላይ የሚታየው መጨረሻ ይምጣ። ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ዓይነት አፈር ያላችሁ ጎረቤቶች አንድ ላይ ብትገዙም ይሠራል፤ ልማት ጣቢያ ያሉት ባለሙያዎች አፈሩን ለመለየት ይረዷችኋል።

ክረምት ሲገባ ካፓሲቲቩን እዚያው ተዉት፣ «ሙሉ» የሚለውን ቁጥር በየዓመቱ የምታረጋግጡት ያኔ ነው። በጠብታ መስኖ ዳር ዳሩን የሚከማቸውን ጨውም ክረምቱ ያጥብላችኋል። ቴንሲዮሜትሩን ግን አውጡና ሸክላውን በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ባትሪውን ፈትሹ፣ የሶላሯን አቧራ ጥረጉ፤ ከግርዘት በፊት ሁሉም ቦታው ይግባ።